ሚሊሜትርና የቅዳሜው ዝናብ

ሰፈራችን «ሚሊሜትር» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮዋ ካለው የዝናብ መለኪያ ፊት ተጎንብሳ፣ የተጠራቀመውን ለክታ ደብተሯ ላይ የምትጽፍ ሴት ሌላ ምን ትባል? ቤቱ እንግዳ ቢሞላም ባሏ ቢያኮርፍም፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጓሮ ናት። ባሏማ «እኔ ሁለተኛ ባል ነኝ» ይላል።

ባለፈው ወር የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ አላት። መነጽራሙ ባለሙያ ወንበር ሳበላት።

«እትዬ፣ ሳተላይቱ በእነዚህ አራት ቀናት ቁራጭ ደመና አላየም። እርስዎ ስድስት፣ ሰባት ሚሊሜትር ጽፈዋል።»

«የለካሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ካርታውን የምንሠራው የሁለታችሁን ቁጥር አጣምረን ነው። ካልተስማማችሁ አንዳችሁ መውጣታችሁ ነው። ሳተላይቱን ደግሞ ከሰማይ ማውረድ አልችልም።»

እስከሚቀጥለው ሰኞ ምክንያቱ ካልተገኘ መለኪያው ተነቅሎ ይሄዳል።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። አንዷ ጎረቤት «ቀኑ ሲሰለቻት ከራሷ እየጨመረች ነው» አለች፤ ሌላዋ ባልየውን ጠረጠረች፣ ቅናት ነው ብላ። ሚሊሜትር ደብተሯን ዘርግታ ቀኖቹን ስታያቸው አራቱም እሑድ ናቸው። እሑድ ጠዋት የሚለካው ደግሞ ቅዳሜ የገባው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትውለው።

የዚያን ቅዳሜ ሥራ ቀረችና ወጥ ቤት መስኮት ሥር ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ላይ፣ በቅርቡ አብራቸው መኖር የጀመረችው አማቷ ውሃ የሚያንጠባጥብ አንሶላ ተሸክማ ወጣች። ከአጥሩ እስከ ዛፉ ገመድ ወጥራለች፤ ገመዱ በመለኪያው አናት ላይ ያልፋል። የእጇን አንጓ ስለሚያማት አትጨምቅም። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ?»

«ምነው? ፀሐይ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ያ ቆርቆሮሽም ጠብታውን እየተቀበለ መሬቱን ከጭቃ ያድንልኛል። ለዚህ ያቆምሽው መስሎኝ።»

ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ቀርባ፣ ልጆች ውሃ ደፍተውበት ነው ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን አንሶላውን ከነአማቷ ተናገረች። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ፤ መለኪያዋን ያስነቅላል ወይስ ይተዋል፣ እሱ ራሱ ገና አልወሰነም።

እሷ በጭንቀት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርታ ታያለች። ከሰፈሯ አጠገብ ሰማያዊ ነገር ተኝቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎርፍ። የሳተላይቱ ራዳር ትናንት ያየው ነው። ከሰዓት ማስጠንቀቂያ እናወጣለን።»

«በምን ዝናብ? ትናንት እኮ በዚያ አልፌያለሁ፣ ጫማዬም አልረጠበም። ልጄ፣ ይሄ አዲሱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። አስፋልቱ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው።»

ባለሙያው ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። ለራዳር ለስላሳ አስፋልትና የተኛ ውሃ አንድ መልክ ነው።

«ለካ ሳተላይቱም የራሱ አንሶላ አለው» አለችው።

መለኪያው አልተነቀለም፤ የተነቀለው ገመዱ ነው። አማቷ አሁን ከሦስት ሰዓት በፊት ጓሮ ወጥታ «ዛሬ ስንት ገባ?» ትላለች። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥም በአራቱ እሑዶች ትይዩ፣ የማስታወሻው ረድፍ ላይ፣ ከሚሊሜትር ደብተር እንዳለ የተገለበጠ አንድ ቃል ሰፍሯል፦ አንሶላ።