በታካሚዎች አግዳሚ ላይ

በዚህ ጥፋት ውስጥ አራት ሰዎች አለን። አንደኛው እኔ ነኝ፣ አባትየው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፣ ሦስተኛዋ ጎንደር ተወልዳ ያደገች አንዲት ልጃችን፤ አራተኛው ጃናሞራ ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ የሆነ ወጣት ነው። ጥፋቱ እኩል አይከፈልም፤ የእኔ ይበዛል።

እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአዲ አርቃይ ብቻዬን ጎንደር የገባሁ፣ ፊደል ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው ነኝ። ልጄን ግን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ቤት በር ድረስ እያደረስኩ አሳደግኳት። ጎረቤት ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያንን ፍቅር ነው የሚለኝ ሰው ዛሬ ቢመጣ ከቤቴ አስወጣዋለሁ።

ነርስ ሆና ጃናሞራ ስትመደብ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው «የአዳር ተራ ትገቢያለሽ?» ሲላት፣ «አትገባም» ብዬ እኔ መለስኩ።

«አያ፣ መርፌውንም እርስዎ ነዎት የሚወጉት?» አለኝ።

ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔ ተቆጣሁ። ክፍል ተከራይቼ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከታካሚዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ባልቴት «ምነው አያ፣ የእርስዎ በሽታ እስካሁን አልታወቀም?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። አልተነሣሁም፤ ኃላፊውም አላስነሣኝም።

ጎንደር በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንስ ልጥራ?»

አራት ዓመት የተማረችው እሷ፣ የምትጠይቀው እኔን። ኃላፊው ደርሶ አምቡላንሱን ጠራ፤ ሴትዮዋ ተረፈች። አምቡላንሱን እንደጠራ ስልኩን ከልጄ ተቀብሎ፣ «አያ፣ ደንግጣ ነው። ይተዉልኝ፣ አለማምዳታለሁ» አለኝ። ባለቤቴ ከጎኔ «ልጄን አምጣልኝ» እያለች ታለቅሳለች። «አሁኑኑ ትምጣ» ብዬ ዘጋሁበት። መጣች።

ይኸው ሁለት ዓመቷ። ከበር ስትወጣ ልቧ ይደልቃል፣ ተመልሳ ትገባለች። ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት አስጀምሯታል።

ሲደመር፣ ልጄ ሥራዋንና ሁለት ዓመት ዕድሜዋን ከፈለች። እናቷ እሷን ብቻዋን ትታ መውጣት ስላልቻለች ገበያም ለቅሶም ቀረባት። ጤና ጣቢያው ምትክ እስኪመጣለት ድረስ በአንድ ነርስ ጎደለ። ከእኔ የጎደለ የለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።