እትዬ ዘነበች ስማቸው ተጠራ

ዛሬ ከሰዓት የእድራችን ጸሐፊ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟቿን ስም ጠሩ።

እትዬ ዘነበችን ቀብረን መመለሳችን ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፤ ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ ያረጁ።

ድንኳኑ የተተከለው በሁለት ሆቴሎች መሀል ነው። ከአንዱ በረንዳ ላይ አንድ እንግዳ ፎቶ ያነሳናል። በቃ፣ ሰፈራችን አምሮበታል፤ ለቅሷችን ሳይቀር ፎቶ ይነሳል።

ጸሐፊው ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አድርገው እንደ ወትሮው የመጣውንና የቀረውን ለመለየት ስም መጥራት ጀመሩ። ግማሹ ቤት ፈርሶ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ስለገባ ብዙ ስም መልስ አጣ። የመጡትም ሦስት ታክሲ ቀያይረው ነው።

ጋሽ መኮንን ዝርዝሩን ሲወርዱ ሳያስቡት «ወይዘሮ ዘነበች» አሉ።

ደንግጠው ስሙን ሊሰርዙ እስክሪብቶ ሲያነሱ እናቴ ከጥግ ተናገረች።

«አይሰርዟቸው ጋሼ። አሉ ብለው ይጻፉ። አንድም ቀን ከዚህ ሰፈር ጠፍተው አያውቁም።»

ጋሽ መኮንን «አሉ» ብለው ጻፉ።

እኛም ቤታችን ፈርሶ ከሰፈሩ የምንነሳበትን ተራ እየጠበቅን ነው። እናንተ ሰፈር የእድር ስም ሲጠራ፣ አሁን ስንት ሰው «አቤት» ይላል?