ሚስስ ዊትኮም ትከሻዬን የያዘች ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስደት አገር፣ ፖይንት ኩክ በሚባለው ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ተሰልፌ፣ ከፊቴ የቆሙት ፈረንጅ አሮጊት የላቬንደር ቅባት ከፍተው እጃቸውን ሲያሹ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ወደ ኋላ አልኩ። ሴትዮዋ ምን አደረጉኝ፣ ምስኪን ናቸው። ሽታው ግን የሚስስ ዊትኮም ነው፤ እኔ ደግሞ ያቺን አስተማሪ ወላሂ እስከ ዛሬ አፉ አላልኳትም፣ ልልም አላሰብኩም።

ዘጠናዎቹ መሃል ላይ ነው፤ አስኮት ቬል፣ ኮሚሽን ፍላት በሚሉት የመንግሥት ፎቅ ውስጥ እንኖራለን። ትምህርት ቤታችን ከትራሙ መስመር ማዶ ያለች፣ የብርቱካን ልጣጭና እርጥብ ሹራብ የምትሸት ትንሽ ግቢ ነበረች፤ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ከአራተኛ ክፍል ጥቂት ልጆች መርጠው ሐሙስ ሐሙስ ላቲን ይማሩ አሉ። እኔም ተመረጥኩ። ሚስስ ዊትኮም ከጡረታዋ ተጠርታ የመጣች ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ስሜን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም፣ ወደ እኔ ወንበር ስትዞር ግን ከንፈሯ ክር ያክላል። በተርሙ መጨረሻ እያንዳንዳችን ፊት ወጥተን ግሱን ከነእርባታው በቃላችን እንድንወጣው፣ ያቃተው ከክፍሉ እንደሚሰናበት ነገረችን፤ ይህን ስትናገር የምታየው እኔን ነበር።

አባባ ሲሰማ የሚሠራበት የዶሮ ፋብሪካ ድካም ከላዩ በረረ። ናይት ሺፍት አብሮት የሚሠራ ግሪክ ላቲን የሐኪሞች ቋንቋ ነው ብሎታልና፣ እሱ በሐሳቡ ነጭ ካፖርት አልብሶኝ ጨርሷል። ወረኢሉ ሳለ ቁርአንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርቶ ያከተመ ሰው ነው፤ በቃል መያዝን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ጠዋት ከሥራ ሲገባ ምንጣፉ ላይ እግራችንን አጣጥፎ ያስቀምጠናል፤ ታናሽ ወንድሜ ኑርዬ በአንድ ጎን ቁርአኑን፣ እኔ በሌላው ጎን ላቲኑን፣ ሦስታችንም ወደ ፊት ወደ ኋላ እንወዛወዛለን፤ እኔ ፖርቶ፣ ፖርታስ፣ ፖርታት፣ ፖርታሙስ እያልኩ አወርደዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አባባ አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ በቁርአን ቤት ትርጉም መጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። ኑርዬ አንዳንዴ ተምታቶበት ከቁርአኑ አያ መሃል ፖርታሙስ ይልና አባባ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ይቆጣል፤ ሳቁ ሲያመልጠው ግን ፊቱን ያዞራል። ምን አለፋችሁ፣ ግሱን እንደ ውሃ ጠጣሁት።

ቀኑ ደረሰ። ፊት ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጀመርኩ። አፌ ሲከፈት ገላዬም አብሮ ሄደ፤ ሌላ አባባል አላውቅማ! ልጆቹ ሳቁ። ሚስስ ዊትኮም ጠረጴዛዋን መታችና "ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ይሄ መስጊድ አይደለም!" አለች። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ተወዛወዝኩ። ይኼኔ ከኋላዬ መጣችና በዚያ ላቬንደር በሚሸት እጇ ሁለቱን ትከሻዎቼን ጨምድዳ ያዘች። "አሁን በይ።" ፖርቶ... ፖርታስ... ከዚያ ወዲያ የለም፤ በቤታችን ምንጣፍ ላይ እንደ ጅረት ይፈስ የነበረው ቃል ደረቀ። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ከድምጿ ያስታውቃል። "እንዳሰብኩት ነው። ሳታውቂው ነው የምትዘፍኚው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ላቲን ሲማሩ እኔ ላይብረሪ ተቀምጬ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ እገልጥ ነበር።

አባባ ስነግረው ይቆጣል፣ ሄዶ ያፋጥጣታል ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ለአስተማሪ አንገቱን ደፍቶ ያደገ ሰው ነው። ትከሻዬን ዳበሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ኑርዬን ጀርባውን ከግድግዳው አስጠግቶ አስቀመጠውና "ልጄ፣ ሳትንቀሳቀስ ቅራ። እዚህ አገር የሚወዛወዝ ሰው አይወዱም" አለው። ራሱም እንደ እንጨት ደርቆ ተቀመጠ። እማ ከኩሽና ብቅ ብላ "ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን" ብትለው አልሰማትም፤ በእኔ የደረሰው በኑርዬም እንዳይደርስ ብሎ ነው። ኑርዬ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቁርአኑ ሱራ አልያዝለት አለ፤ ይጀምራል፣ ይረሳል፣ ያለቅሳል። ክረምቱ ሳያልቅ ሁለቱም ተዉት። ጠዋት ጠዋት ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ ሆነ።

አባባን አምና ቀበርነው። ኑርዬ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ አባቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን አቅፎ ያጠበ እሱ ነው። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆመን ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ ልጅ ለአባቱ፣ ለሟች የሚቀራውን የያሲን ሱራ ይቅራለት ብለው ቦታ ለቀቁለት። ኑርዬ ስልኩን አወጣ። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ያሲን እየተንተባተበ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ንቅንቅ ሳይል አነበበለት።