ቀዩ በር
ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው አሮጌ መንገድ ዳር ከተከራየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደጅ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት ትኩስ ገንፎ በሰሃን ሸፍነው መጡ።

«ልጄ፣ ቀዩ በር የቱ ነው? አራስ ልጠይቅ መጥቼ ነው፤ ቤቷ ከጎኑ ነው ያሉኝ።»

«እማማ፣ እዚህ ሰፈር ቀይ በር የለም» አልኳቸው በሙሉ ልብ።

ሽቅብ ሄዱ፣ ቁልቁል ወረዱ። በመጨረሻ ገንፎው ቀዝቅዞ፣ እሳቸው ግለው ተመለሱና አረንጓዴውን የግቢዬን በር በመዳፋቸው መቱት።

«ባለሱቁም ልብስ ሰፊውም ቀዩ በር ይኼ ነው ይላሉ! ድሮ ቀይ ነበር አሉ።»

አፈርኩ። ገንፎውን ተቀብዬ እስከ አራሷ ቤት ሸኘኋቸው።

ሰኞ ታክሲ ውስጥ እስቲ ልሞክረው ብዬ «ቀዩ በር ጋ ወራጅ አለ!» አልኩ። ሹፌሩ የቱ ነው እንኳን ሳይል አረንጓዴው በር ፊት ቀጥ አለ።