አንዱን ቋንቋ ብቻ ያዙላት

ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጅማ ቦሳ ኪቶ የሚገኝ አንድ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የእኅቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ሳይመዘግባት ቀረ። ዕድሜዋ ሰባት ነው።

የመግቢያ ፈተናው ላይ አብሬያቸው ነበርኩ። መምህርቷ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፣ «ቀዩን እርሳስ ከደብተሩ ሥር አድርጊና በሩን ዝጊ» አለቻት። ልጅቷ እርሳሱን አነሣች፣ በሩን አየች፣ ከዚያም እርሳሱን እንደያዘች ቆመች። ትናንት የት እንደዋለች ስትጠየቅ «እኔ... አባባ መኪና... ሄደ እኔ» አለች። መምህርቷ ወደ እኅቴ ዞረች።

«ጆሮዋን አስመርምራችኋል?»

«አዎ፤ ደህና ነው ተባልን።»

«እንግዲህ ችግሯ ምን እንደሆነ ባለሙያ ይጻፍላትና እስከ ዓርብ አምጡ። በዚህ ሁሉ ልጅ መሐል ምን እንደምረዳት ሳላውቅ ብቀበላት ማታለል ይሆንብኛል።»

እኔና እኅቴ አማርኛ ተናጋሪ ቤት ነው ያደግነው፤ ባሏ ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ የአጋሮ ልጅ ነው። ልጅቷ አፏን የፈታችው በሁለቱም ቋንቋ ነው፤ በሁለቱም ዘግይታ፣ በሁለቱም ጥቂት ጥቂት። አራት ዓመት ሲሆናት ጎረቤቱም መዋዕለ ሕፃናቱም በአንድ አፍ «ቋንቋ ተቀላቅሎባት ነው፤ አንዱን ብቻ ያዙላት» አሉ። ይህን ምክር ጅማ ውስጥ የሚጠራጠረው የለም። በቾ ቦሬ ያለው ሰፈራችን ልጆቹ በአንዱ ቋንቋ ተጣልተው በሌላው የሚታረቁበት ሰፈር ነው፤ ምክሩን የሰጡትም የእነዚሁ ልጆች እናቶች ናቸው።

እኅቴ ለትምህርቷ ብላ አማርኛን መረጠች። ልጅቷ ክረምት በመጣ ቁጥር አጋሮ አያቷ ዘንድ መሄዷ ቀረ። አያትየው ሲመጡም እኅቴ በር ላይ ተቀብላ «እማማ፣ በሞቴ፣ በኦሮምኛ አያናግሩብኝ» ትላቸዋለች። እሳቸው ከአማርኛ የሚያውቁት «ነይ»፣ «ብይ»፣ «ተኚ» ነው። የልጅ ልጃቸውን ሦስት ዓመት ሙሉ ያናገሯት በእነዚህ ነው። ከአጋሮ እስከ ጅማ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሲያስቁ የሚመጡ ሴት፣ ልጅቷ ፊት ሲቀመጡ ዝም ይላሉ።

ማክሰኞ በምሠራበት ሬዲዮ ስለዚሁ ጉዳይ የስልክ መስመር ከፈትን። አንዲት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ከአዲስ አበባ በስልክ ገቡልን። ጆሯቸው ደህና የሆነ፣ እንደ እኩዮቻቸው የሚጫወቱ፣ ቋንቋ ብቻ የሚከብዳቸው ልጆች እንዳሉ አስረዱ። ችግሩ አንድ ቋንቋ በሚሰሙትም ሁለት በሚሰሙትም ልጆች ላይ ይታያል፤ ሁለት ቋንቋ መስማት አያመጣውም፤ አንዱን መንጠቅም አያድነውም። ቀድመው እርዳታ ያገኙ ይሻሻላሉ አሉ።

የመጀመሪያው ደዋይ ሳቅ ይዞ መጣ። «እኔም እስከ ስድስት ዓመቴ አልተናገርኩም። ይኸው አሁን የቡና ደላላ ነኝ፤ ማን ዝም ያሰኘኛል?» ቀጥሎ የደወሉት ሴት መድኃኒቱ ከምላስ ሥር ያለውን ክር ማስቆረጥ ነው አሉ። ከሊሙ የደወለች እናት ግን አልመከረችም፤ ጠየቀች።

«የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው። እኒህ ያሉት ሐኪም ጅማ ላይ የት ይገኛል?»

ከፕሮግራሙ በፊት የማውቀውን ቦታ ሁሉ ጠይቄ ነበር። «እስካሁን አላገኘሁም፣ እናቴ» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

ማታ ለእኅቴ የሰማሁትን ነገርኳት።

«ታዲያ ሦስት ዓመት በከንቱ ነው ያፈንኳቸው?»

«ባለሙያዋ ያሉት ይህን ነው።»

«ጋሼ፣ ያሉትን ሰማሁ። ምን ላድርግ ነው የምልህ።»



ረቡዕ አያትየው መጡ። እኅቴ ገና ሳይቀመጡ «እማማ፣ እንደፈለጉ ያናግሯት፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለቻቸው። ባሏ በኦሮምኛ ደገመላቸው። አሮጊቷ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና፣ በዚያው በኦሮምኛ፣ «ነገ ደግሞ አማርኛውን ልትከለክሉኝ ነው?» አሉ። ሳቅን። ከዚያ እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ።

«ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ።» ነይ ልጄ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ የእናቷን ፊት አየች። እሳቸው ደገሙላት። ካለችበት አልተነቃነቀችም። እኅቴ «ሂጂ እንጂ» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አያትየው እጃቸውን አልሰበሰቡም።

«ነይ» አሏት።

ሄደችላቸው።

ሐሙስ አንድ የሕፃናት ሐኪም አነጋገርን። ልጅቷን በጥሞና ካዩ በኋላ፣ ይህ የሌላ ሙያ ስለሆነ ፈርሜ ልጽፍ አልችልም አሉን። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምዝገባው ሲዘጋ በእጃችን የነበረው የጆሮዋ ምርመራ ውጤት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ባለሙያዋ ዘንድ ቀጠሮ የተገኘላት ለጥር ነው። ትምህርት ያለ እሷ መስከረም ላይ ተጀምሯል።