በሁዳዴ የጠጣሁት ወተት

በደርግ ጊዜ ልደታ ስንኖር የሰባት ዓመት ልጄ ሆዷ በቀኝ በኩል ማበጥ ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ ጣፊያ ነው አለ። ጣፊያ በግራ በኩል እንደሆነ አንብቤ ስለማውቅ ሆስፒታል ወሰድኳት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ጌጃ ሰፈር ሬዲዮ እየጠገንኩ ማንበብን ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ሐኪሙ ከተመረመረች በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ሳይሸፋፍን ነገረኝ።

«የጉበት ነቀርሳ ነው። በልጅ ላይ ብዙም አናየውም። ያለው በአንድ ወገን ስለሆነ ቆርጠን ማውጣት እንችላለን፤ የቀረው ጉበት መልሶ ያድጋል። ግን እንዲህ ከስታ ቀዶ ጥገናውን አትችለውም። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ይስጧት። ቶሎ ካልጠነከረች እባጩ ይቀድመናል።»

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። በቤቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይጾማል፤ ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ ያን ዓመት ጀምራ እንደ ትልቅ ሰው ኮርታ ነበር። እናቷ ወተት ስታቀርብላት አፏን ገጠመች። የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው።

«የታመመ ሰው አይጾምም፣ ልጄ። ፈቅጄልሻለሁ፤ ጠጪ» አሏት።

«አባባም እኮ ጨጓራ ያማቸዋል። ግን ይጾማሉ።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው «የማን ልጅ እንደሆነች አያጠራጥርም» አሉ።

ለመንናት፣ ተቆጣኋት፤ ከጥራጥሬ በቀር አልቀምስም አለች። እጆቿ እየቀጠኑ ሄዱ። በመጨረሻ ባለቤቴ «እሷ የሚነገራትን አይደለም የምትሰማው። እርስዎን ነው የምታየው» አለችኝ።

ያሰብኩትን ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። መከልከላቸው እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግሥቱ ሁለት ብርጭቆ ወተት ይዤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና የራሴን ጠጣሁ።

«አባባ፣ ገደፉ?»

«ገደፍኩ።»

«ጨጓራዎት ብሶ ነው?»

«አይደለም። አንቺ እምቢ ስላልሽ ነው።»

ብርጭቆዬ ባዶ መሆኑን አይታ የራሷን አነሳች። ከዚያ በኋላ ጧትም ማታም አብረን ጠጣን። ወሬው ሰፈር ውስጥ ወጣ። አንድ የቀበሌ ሹም መንገድ ላይ አስቁሞ «ጓድ፣ በመጨረሻ ነቁ» ብሎ ጨበጠኝ። እጄን አላቅቄ መንገዴን ቀጠልኩ። መጾም ይከብዳል የሚል ሰው አለ፤ እኔን ያን ወተት ከመጠጣት መጾሙ ይቀለኝ ነበር።

ሆሳዕና ሳይደርስ ሥጋ ያዘች፤ ቀዶ ጥገናውም ተደረገላት። ሐኪሙ «አውጥተነዋል። ይመለስ አይመለስ ጊዜ ይነግረናል» አለ። ከዚህ በላይ ቃል አልገባልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። የፋሲካ ዕለት እናቷ የዶሮ መረቅ ይዛላት ሆስፒታል ስትገባ ልጄ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እኛ ቀድመን ፈስከናል» አለችኝ።

በዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ፣ ሆዷ ላይ ጠባሳው ገና እንደቀላ፣ ልጹም ብላ መጣች።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስምንት።»

«አልደረሽም» አልኳት፤ የቤቱንም ደንብ በዚያው ቀየርኩት።