የዳማ አራተኛ ኮቴ

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ

ከዲላ የወጣነው ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይነሣ ነው። አባቴ ከፊት ልጓሙን ይዟል፤ እኔ ከኋላ ስንቃችንን አዝያለሁ፤ መካከላችን ዳማ አለች። ዳማ ስድስት ዓመት ጋሪያችንን የጎተተች ባዝራ ናት። ከፋሲካ ወዲህ ግን የግራ የኋላ እግሯን ታነክሳለች። ኮረኮንቹ ላይ ሦስት ኮቴ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ አራተኛው ይንሸራተታል። ቀው፣ ቀው፣ ቀው፣ ሸርተት። ይህን ድምፅ እየተከተልኩ ስራመድ፣ ከእንቅልፌ ገና ያልነቃሁ ይመስለኛል።

የምንሄደው ኢዲዶ ነው። እዚያ ጋሽ በራሶ የሚባሉ የፈረስ ወጌሻ አሉ። የሰፈራችን ጋሪ ነጂዎች አባቴን፣ «በጋለ ብረት አስተኩሳት፤ ካልዳነች ለጅብ ልቀቃት» ብለውታል። አባቴ ለመተኮሱ እሺ አለ። ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ተነሥቶ ልጓሟን ሊያመጣ ሄደ።

ረፋድ፣ ወናጎ መዳረሻ

ቡና የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ እያቃሰተ ደረሰብን።

«ወይዘሪት! ፈረስ ሰው የሚሸከም መስሎኝ፤ እናንተ ልትሸከሟት ነው?» አለ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አባቴ ግን፣ «አንተስ ትናንት ወርደህ ስትገፋ ያላየንህ መሰለህ?» አለው። ሾፌሩ እየሳቀ አንድ ዘንግ ሸንኮራ ወረወረልን። ግማሹን ዳማ በላችው።

ከወናጎ ገበያ የስሙኒ ቆጮ በጎመን በላን፤ እዚያው አክስቴ ዘንድ አደርን።

ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት፣ ኢዲዶ

ቡናው ቀልቷል። ሰው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ዛፎቹ ሥር ገብቷል፤ ሳቃቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም።

ጋሽ በራሶ አጭር ሽማግሌ ናቸው። ዳማን አላዩዋትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አስኪዳት። አዙራት። አሁን ቁልቁል።»

አዳምጠው ሲጨርሱ ተነሥተው ወገቧን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ግራው ዳሌ ከስቷል፤ ቀኙ ትከሻ ደንድኗል።

«እግሯ አልተሰበረም። ብረት አያሻትም። ይህ ሥጋ ሥራ ረስቷል» አሉ። «ማታ ማታ የትኛውን እግር ታስራለህ?»

«ያገኘሁትን» አለ አባቴ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ችካሉ ያለው በጋጣው ግራ ግድግዳ ሥር ነው። አባቴን ሰው ፊት አርሜው አላውቅም። ዳማ አንድ ጆሮዋን ወደኔ አዞረች።

«ግራውን ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ በራሶ።

«ሁልጊዜ ግራውን የኋላ እግር ነው። ገመዱም አጭር ነው። ሌሊቱን በሦስት እግር ነው የምትቆመው።»

አባቴ አየኝ። ቀጥሎ የገዛ እጆቹን አየ። «ሌባ ፈርቼ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እግሯን የሰረቅካት አንተ ነሃ!» ብለው ጋሽ በራሶ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

ከዓርብ እስከ ማክሰኞ

ጠዋት ጠዋት ጋሽ በራሶ ዳሌዋን በለጋ ቅቤ ያሹላታል። ከዚያ እኔ ወንዝ ውስጥ እመራታለሁ። ውኃው እስከ ጉልበቷ ነው፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ሳታነሣ መራመድ አትችልም። ጭጋግ ከውኃው ይነሣል፤ የቡና ቅጠል ይንሳፈፋል፤ ሁለታችንም የምንሄደው ደመና ላይ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ስድስት የተቆረጠ የእንሰት ግንድ መንገድ ላይ ይደረድራሉ። ለስላሳ ስለሆነ ብትመታው አይጎዳትም።

«ቀስ በይ!» ይሉኛል ጋሽ በራሶ። «ከቸኮለች ጥሩው እግር ይሠራላታል፤ ሰነፉ ይተኛል።»

ማክሰኞ ስድስቱንም ግንድ ሳትነካ ተሻገረች። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ገና ነው» አሉት ጋሽ በራሶ። «ሁለት ወር ዳገት ታስኬዳታለህ፤ ጋሪ የለም።»

«የቡናው ጭነት ያልፈኛል» አለ አባቴ። የዳማን አንገት ዳበሰና፣ «ይለፈኝ» አለ።

ሐሙስ፣ ማምሻ፣ ዲላ

ደጃችን ስንደርስ አባቴ ልጓሙን ለኔ ሰጥቶ ጋጣው ውስጥ ገባ። የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ችካሉን ነቅሎ ወጣ። ከዚያ የመኝታ ሰሌኑን ከቤት አምጥቶ ከጋጣው በር ፊት አነጠፈና ጋቢውን አስቀመጠበት።

«አስገቢያት» አለኝ።

ዳማ በሰሌኑ አጠገብ አልፋ ገባች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀው፣ ቀው፣ ቀው፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ከሌሎቹ ቀለል ያለ፣ አራተኛው።